ኢሎን ማስክ የሰረዛት ዜሮ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 2020 ኢሎን ማስክ አዲሱን የቴስላ ባትሪ ሴል ሲያስተዋውቅ ስሙን 4680 አለው። በቆየው ልማድ 46800 መባል ነበረበት። የመጨረሻዋ ዜሮ ጥቅም የላትም ተብላ ተሰረዘች። የስያሜው ታሪክ ሲታይ ግን ዜሮዋ ሥራ ነበራት።

ድሮ የባትሪ ድንጋይ ስም ፊደል ነበር። ዲ ከሲ ይበልጣል፣ ኤኤ ግን ከኤ ያንሳል፣ ኤኤኤ ደግሞ ከኤኤ ያንሳል። አመክንዮውን ለሚያውቀው ይሁንለት! ፊደሉን አይቶ ልኩን ማወቅ የሚችል የለም።

ሶኒ በ1991 የመጀመሪያውን የሊቲየም አዮን ባትሪ ለገበያ አቀረበ። በዚህ ቤተሰብ ስሙ ራሱ ልኬት ሆነ። 18650 ማለት ዲያሜትሩ 18 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 65.0 ሚሊሜትር ነው። ዜሮዋ የሚሊሜትር አሥረኛ ናት። በመኪና ሪሞት ውስጥ ያለችው ሲአር2032 የምትነበበውም እንዲሁ ነው፦ ስፋቷ 20፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር። አሥረኛዋን የረሳ ሰው 32 ሚሊሜትር የሚወፍር የሪሞት ድንጋይ ፍለጋ ይወጣል።

18650 ከላፕቶፕ ወደ መኪና ተሻገረ። በ2008 የወጣው ቴስላ ሮድስተር 6,831 ሴሎች ተሸክሞ ነበር። በ2017 ሞዴል 3 ይዞት የመጣውን ሴል ሌላው 21700 ሲለው ቴስላ 2170 አለው። ቀጥሎ ቢኤምደብሊው በ2022 ዲያሜትራቸው 46፣ ቁመታቸው 95 እና 120 ሚሊሜትር የሆኑ ሴሎችን እንደሚጠቀም አስታወቀ። ረጅሙ በአዲሱ አጻጻፍ 46120 ይባላል። በድሮው ንባብ ግን ይህ ቁመቱ 12.0 ሚሊሜትር የሆነ ሴል ነው! ለማስክ ፍትሕ እንስጥ ከተባለ፣ 38120 የሚባለው የቻይና ሴል ዜሮዋን ቀድሞ ጥሏት ነበር።

ለተጠቃሚው የሚያሰጋው ግን ቁጥሩ የማይናገረው ነገር ነው። 14500 እና ኤኤ በመጠን አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። አንዱ ግን 3.7 ቮልት፣ ሌላው 1.5 ቮልት ነው፤ ለኤኤ የተሠራ ዕቃ ውስጥ 14500 የከተተ ሰው ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል። ከቁጥሩ በፊት የሚጻፉት ፊደላትም ቀላል አይደሉም። አይሲአር ኮባልት፣ አይኤፍአር ብረት ማለት ነው። የመጀመሪያው እስከ 4.2 ቮልት ይሞላል፣ ሁለተኛው ወደ 3.65 ገደማ ማቆም አለበት። በአፍ ሲነገር ግን ሁለቱም «18650» ናቸው።

በጃንዋሪ 2021 የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ከባትሪ ጥቅል ተፈልቅቀው በነጠላ የሚሸጡ 18650ዎች እሳት ሊያስነሱና ሰው ሊገድሉ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ። በነጠላ ገበያው ላይ «9900 ሚሊአምፔር ሰዓት» የተጻፈባቸውም አይጠፉም። ጥሩ የሚባለው 18650 የሚይዘው 3,500 ገደማ ነው።