ገበሬውን ሳይጠይቁ ማረሻ መሥራት

አውሮፕላንና የጎጃም ማረሻ ምን ያገናኛቸዋል? ትሉን ይሆናል። ትንሽ ታገሡን፤ እናገናኛቸዋለን።

ቦይንግ 777ን ሲነድፍ ሁለት ልማዶችን ሰበረ። አንደኛ፣ አውሮፕላኑን ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ነደፈው፤ ብረቱ ሳይቆረጥ ዕቃዎቹ መገጣጠማቸው ስክሪን ላይ ይታይ ነበር። ሁለተኛውን እኛ እናስበልጣለን፦ ስምንት አየር መንገዶችን ገና ከጅምሩ ንድፉ ላይ አስቀምጦ አማከረ። አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በ1994 በረረ። ዛሬ ደግሞ ቨርቹዋል ሪያሊቲ በሚሉት መነጽር ገና ባልተሠራ መኪና ውስጥ ገብቶ መሪውን መጨበጥ፣ ዕቃው ሥራ ላይ ሲውል የት ጋ እንደሚሰበርም ኮምፒውተሩን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ከመሥራትህ በፊት ሞክር፤ ስትሞክርም የሚጠቀምበትን ሰው አጠገብህ አድርግ።

አሁን ከደብረ ማርቆስ ተነስተን ወደ ቢቸና እንሂድ። እዚያ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ውሃ አቁሮ እግር ይይዛል። ስለዚህ ገበሬው ዝናቡ ጋብ እስኪል ጠብቆ ይዘራል፤ የክረምቱ ትልቁ ክፍል ያለ ሰብል ያልፋል። በአገራችን ደጋ ይህ አፈር 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። ቀላል ጉዳይ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ የእንስሳት ምርምር ማዕከል (ኢልካ) ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ መፍትሔ ፈለገ። ሐሳቡ ከሰማይ አልወረደም። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ላይ ሴቶችና ልጆች አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፊ መደብ ይሠሩ፣ ውሃውን በቦዩ ያንቆረቁሩ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን ሥራ ለበሬ እንስጠው አሉ። ሁለት ማረሻ አሳጥረው ጎን ለጎን አጣመሩ፤ 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ተወለደ። በኋላ ክንፉ ብረት ሆነ፤ ዘሩን የሚያለብስ ሰንሰለትም ታከለበት። ስሙ "ቢቢኤም" ተባለ፤ ገበሬውም እንዲያው ቢቢኤም አለው።

መሣሪያው ይሠራል ወይ? ይሠራል። ውሃው ይወርዳል፣ ስንዴውም ቀድሞ ይዘራል። ግን ከበደ። ማሳው ጫፍ ላይ ማዞሩ አስቸገረ፤ በሬው ደከመ። አንድ በሬ ቀኑን ሙሉ በደህና የሚስበው የክብደቱን አንድ አስረኛ ያህል ነው፤ የእኛ አገር በሬ ደግሞ ትንሽ ነው። የኤክስቴንሽን ፓኬጁ ይዞት ወረዳ ለወረዳ ዞረ፣ የተቀበለው ግን ከተጠበቀው በታች ሆነ።

እስቲ ከአሮጌው ማረሻ ጋር አስተያዩት። ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ምራን… ሁሉም ተደምሮ ገበሬው ትከሻው ላይ አድርጎ ማሳ ይወርዳል። ማረሻው ጠለቀ ወይ ላላ ሲል እዚያው ያስተካክለዋል። ጫፉ ሲያልቅ ቀጥቃጩ ጋ ይሄዳል፤ አፈሩ ምን እንዳደረገው ይነግረዋል፣ ቀጥቃጩም ብረቱን አግሎ እንደገና ያወጣዋል። ይህ ምንድን ነው? እኛ የጋራ ንድፍ ነው እንላለን፤ ለዚያውም ለብዙ መቶ ዓመታት የዘለቀ።

የሚያናድደው ግን ይህ ቀጥቃጭ ጎጃምም ሆነ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ውስጥ "ቡዳ" እየተባለ መኖሩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቆየ። ማረሻን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀውን ሰው ማዕድ የሚለይ አገር ንድፍ ክፍል ውስጥ ወንበር ይስጠው ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

በኋላ ዶ/ር መለሰ ተመስገን የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ቀለል ያለ መደብ ማውጫ ይዘው መጡ፤ አይባር ይባላል። ብረቱ ከተለመደው ሞፈርና ቀንበር ጋር ይገጠማል፤ ገበሬው አሮጌውን ዕቃውን አይጥልም። መነጽሩን ለቢቸና ገበሬ እናጥልቅለት ብትሉን እንስማማለን። ቀጥቃጩንም ጥሩልን።