ከለጋ ቅቤ እስከ ግሊሰሪን፦ የቆዳችን አጥር ታሪክ

የማኅበራችንን ሒሳብ መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ በየሩብ ዓመቱ ከማይቀሩት ወጪዎች አንዱ «ቫዝሊንና ግሊሰሪን፣ ለልብስ አጣቢዎች ቡድን» የሚለው ነው። የዘንድሮውን በጀት ስናዘጋጅ ይህ ወጪ ይሰረዝ ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። የመዋቢያ ዕቃ መስሎኝ ነው። ከስብሰባው በኋላ ከቡድኑ አንዲት እናት ጠሩኝና እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። የጣቶቻቸው መታጠፊያ ተሰነጣጥቆ ቆስሏል። «ልጄ፣ እንዲህ ሲሆን በረኪና መንካት አልችልም። ካላጠብኩ ደግሞ የሳምንት ቁጠባዬን ከየት አምጥቼ ልክፈል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ስለ ቆዳና ስለ ቅባት ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ለእናንተም ለረጂዎቻችንም ላካፍል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቆዳን በቅባት መጠበቅ ጥንታዊ ነገር ነው። በአገራችን እናቶቻችን ለጋ ቅቤ አናታቸውን ይቀቡ፣ ሕፃናትንም ያሹ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። በሌላው ዓለም ደግሞ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጋሌን የተባለ ሐኪም ሰምና የወይራ ዘይት አቅልጦ፣ ውሃ እየጨመረ በመምታት ቅባት ይሠራ እንደነበር ይነገራል። ዛሬ ክሬም የምንለው ነገር መነሻው ይኸው የዘይትና የውሃ ውህድ ነው።

ግሊሰሪን የተገኘው በ1779 ነው። ካርል ሼሌ የተባለ የስዊድን ኬሚስት የወይራ ዘይትን ከእርሳስ ውህድ ጋር ሲያፈላ ጣፋጭ ወፍራም ፈሳሽ አገኘ። ይህ ፈሳሽ ሳሙና በተሠራ ቁጥርም ይገኛል። ስብ ወይም ዘይት ከሶዳ ጋር ሲዋሃድ ከሳሙናው ጎን ግሊሰሪን ይፈጠራል። ሳሙና የሚሠሩ እኅቶቻችን ሳያውቁት በየቀኑ ግሊሰሪን እያመረቱ ነው ማለት ነው።

የቫዝሊን ታሪክ የሚጀምረው ከነዳጅ ጉድጓድ ነው። በ1859 ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት ኬሚስት በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ነዳጅ ወደተገኘበት ወደ ቲተስቪል ሄደ። ሠራተኞቹ በመቆፈሪያው ዘንግ ላይ የሚጋገረውን ሰም መሰል ዝቃጭ ሲቆስሉና ሲቃጠሉ ይቀቡት ነበር። እሱ ያንን ዝቃጭ አጣርቶ አነጣውና በ1872 የባለቤትነት መብት አወጣበት። ዕውቀቱ ግን አስቀድሞ የነበረው እጃቸው ከሚቆስል ሠራተኞች ዘንድ ነው። ይህን ሳነብ እጃቸውን ያሳዩኝን እናት አስታወስኩ።

ቅባት ለምን እንደሚሠራ የታወቀው ግን ብዙ ዘግይቶ ነው። ለረጅም ጊዜ ሰው የሚያስበው ደረቅ ቆዳ ዘይት የጎደለው ቆዳ ነው ብሎ ነበር። በ1952 አርቪን ብላንክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የደረቀ የቆዳ ቁራጭ ወስዶ ሞከረው። ቁራጩ በዘይት ሲነከር እንደ ደረቀ ቀረ፤ ውሃ ሲያገኝ ግን ለሰለሰ። ስለዚህ ቆዳን የሚያለሰልሰው ውሃ ነው። የቅባቱ ሥራ ያ ውሃ እንዳይተን መጠበቅ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ፣ ውሃውን በተፈጥሮ የሚይዘው ምንድን ነው የሚል ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፒተር ኢላያስና ሌሎች ተመራማሪዎች የቆዳን የላይኛውን ስስ ሽፋን ከጡብ ግንብ ጋር አመሳሰሉት። ጡቦቹ የሞቱና የጠፈጠፉ ሴሎች ናቸው። በመካከላቸው እንደ ሲሚንቶ የሚያያይዛቸው ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ሌሎች ቅባቶች ናቸው። ይህ ሽፋን ከወረቀት የሳሳ ቢሆንም ውሃ ከውስጥ እንዳይወጣ፣ ጀርምና ኬሚካል ከውጭ እንዳይገባ የሚከለክል አጥር ነው። ሳሙናና በረኪና ቀን ከሌት ሲነኩት ሲሚንቶው ይታጠባል፣ ግንቡም ይሰነጠቃል።

ማለስለሻዎች ይህን አጥር የሚያግዙት በሦስት መንገድ ነው። ቫዝሊን ከላይ ሸፍኖ ውሃው እንዳይተን ያደርጋል። ግሊሰሪን ውሃ ስቦ ይይዛል። ሴራማይድና መሰል ቅባቶች ያሉባቸው ክሬሞች ደግሞ የጎደለውን ሲሚንቶ ይሞላሉ። በዋጋ ረገድ ቫዝሊንና ግሊሰሪን የእኛን አቅም የሚመጥኑ ናቸው።

ይህ ነገር ከመዋቢያ በላይ መሆኑን ያሳመነኝ የአገራችን ታሪክ ነው። በደጋማ ቀይ አፈር አካባቢዎች በባዶ እግር የሚያርሱ ወገኖቻችንን የሚያጠቃ እግር የሚያሳብጥ በሽታ አለ፤ በተለምዶ ዝሆኔ ይሉታል። በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ የዚህ ዓይነቱ እብጠት መንስኤ የአፈሩ ብናኝ መሆኑን አጥንቶ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጠው። ሕክምናው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በ2017 በታተመ በኢትዮጵያ በተካሄደ ጥናት ደግሞ፣ ለእግር መዘፍዘፊያ የሚሆነው ውሃ ተቀንሶ 2 በመቶ ግሊሰሪን ሲጨመርበት የሕሙማኑ ቆዳ ከተለመደው እንክብካቤ በተሻለ ውሃውን ይዞ ተገኝቷል። ውሃ ከሩቅ ለምትቀዳ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለአጣቢ እኅቶቻችን ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው። ሥራ ሲያልቅ እጅን በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወዲያው መቀባት ነው፤ በደረቀ ቆዳ ላይ የተቀባ ቫዝሊን የሚጠብቀው ውሃ ያነሰ ነው። ግሊሰሪንን በውሃ አቅጥኖ መጠቀም ይሻላል። በረኪና ሲነካ ጓንት ማድረግ የተሻለ ነው። የተከፈተ ቁስል ላይ ቅቤ አይደረግ፤ ያመረቀዘ ቁስል ያላት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

እኔም ስህተቴን አርሜአለሁ። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በማቀርበው በጀት ይህ ወጪ ከ«ልዩ ልዩ» ወጥቶ «የሥራ ደኅንነት» በሚል ርዕስ ሥር ይገባል፤ ጓንትም ተጨምሮበታል። አንዲት አባል በእጇ ቁስል ምክንያት ሥራ ስትፈታ ቁጠባዋ ይቋረጣል፣ ብድሯም ይዘገያል። ይህን ሁሉ በመዝገቤ አየው ነበር፤ ምክንያቱን ግን እጃቸውን እስካይ ድረስ አላወቅሁም።