ፈታኙ ማን ነበር? የንግግር መለያ ሶፍትዌሮች የተመዘኑበት ታሪክ



ንግግርን ሰምቶ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሶፍትዌር ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በፈጠራዎቹ ቅደም ተከተል ነው። እኔ ዛሬ የማቀርብላችሁ የፈተናዎቹን ታሪክ ነው። አንድ መሣሪያ «ይህን ያህል ከመቶ በትክክል ይሰማል» ሲባል፣ ቁጥሩ ስለ መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ፈተናውን ስላወጣው ሰውም ይናገራልና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በ1952 በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ የተሠራው «ኦድሪ» ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን አሃዞች 97 ከመቶና ከዚያም በላይ ለይቷል። ውጤቱ የተገኘው ግን መሣሪያው ለአንድ ተናጋሪ ድምፅ ከተስተካከለ በኋላ፣ ተናጋሪውም በየአሃዙ መካከል ፋታ እየሰጠ ሲናገር ነው። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም፤ ከሁኔታው ተነጥሎ ሲነገር ግን የሐሰትን ያህል ያሳስታል። የዚያው ላብራቶሪ ሰው ጆን ፒርስ በ1969 ባሳተመው ደብዳቤ፣ በመስኩ የተሰማሩት ሰዎች ዕውቀት የሚገኝበት ሙከራ ከማድረግ ይልቅ ገንዘብ የሚስብ ተስፋ ይሸጣሉ ሲል በብርቱ ወቀሰ። ወቀሳው መራራ ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት ከሞላ ጎደል ትክክል ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ አስተማሪ ሆኖ የማገኘው ግን ከ1971 እስከ 1976 የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ገንዘብ የሰጠበት ፕሮግራም ነው። ግቡ አስቀድሞ በጽሑፍ ተቀምጦ ነበር፦ ያልተቆራረጠ ንግግር፣ 1,000 ቃላት፣ ከ10 ከመቶ ያነሰ የትርጉም ስሕተት። በመጨረሻው ፈተና የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው «ሃርፒ» 95 ከመቶ የሚሆኑትን ዓረፍተ ነገሮች በትክክል ተረዳ፤ ቢ.ቢ.ኤን. የተባለው ድርጅት ሥርዓት 44 ከመቶ ላይ ቀረ። አሸናፊው የታወቀ ይመስላል። ነገር ግን አንዱ ስለ ሰነዶች ፍለጋ፣ ሌላው ስለ ጉዞ በጀት ይጠየቅ ነበር። ዴኒስ ክላት በ1977 ባወጣው ግምገማ ሥርዓቶቹን ሲያነጻጽር፣ ለሃርፒ በየነጥቡ ቀጥለው ሊመጡ የሚችሉት ቃላት በአማካይ 33 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ለሌላው ወደ 200 ይጠጉ ነበር። አንዱ ከ33 በሮች አንዱን፣ ሌላው ከ200 አንዱን ይመርጥ ነበር ማለት ነው። እያንዳንዱ በገዛ ቁናው ሰፍሮ ያመጣውን እህል ማን ከማን ያነጻጽራል? ፕሮግራሙም በ1976 ተቋረጠ።

በ1980ዎቹ ገንዘቡ ሲመለስ ሥርዓቱ ተለውጦ ነበር። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር የማይሠራ ገለልተኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ማለትም የብሔራዊ ደረጃዎች ቢሮ ሆነ። ለሁሉም አንድ ዓይነት የማሠልጠኛ ድምፅ ታደለ፤ መፈተኛው ግን እስከ ፈተናው ድረስ ተሸሸገ፤ ውጤቱም በአንድ ስሌት ተቆጠረ። በስሌቱ መሠረት የተለወጡ፣ የተዘለሉና ያለ ቦታቸው የገቡ ቃላት ተደምረው በእርግጥ ለተነገሩት ቃላት ብዛት ይካፈላሉ። (የስሕተቱ መጠን ከ100 ከመቶ ሊበልጥ መቻሉ ተማሪዎችን ሁልጊዜ ያስገርማል፤ መሣሪያው ያልተነገረ ቃል ከጨመረ ግን ይበልጣል።)

የጋራው ቁና ብዙ ጠቀመ፤ የሚሸሽገው ነገር ግን ነበረው፤ እርሱም አማካዩ ነው። በ2020 የታተመ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት የአምስት ታላላቅ ኩባንያዎችን ሶፍትዌር ፈትኖ፣ የስሕተቱ መጠን ለነጭ አሜሪካውያን ተናጋሪዎች 19 ከመቶ፣ ለጥቁር አሜሪካውያን 35 ከመቶ ሆኖ አገኘው። ውጤቱ በተናጋሪዎች ባይከፈል ኖሮ ልዩነቱ በአንድ ቁጥር ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ነበር።

ይኸው ቁና ወደ አማርኛ ሲመጣ ምን ይሆናል? «አልነገረችኝም» የምንለው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ አምስት ቃላት ነው። ሶፍትዌሩ «አልነገረችንም» ብሎ ቢጽፈው በእነርሱ አቆጣጠር ከአምስት አንድ፣ በእኛ ግን ሙሉው ቃል ይሰረዛል። ስለዚህ የሁለቱን ቋንቋዎች ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ የ1976ቱን ግራ መጋባት መድገም ነው። በሌላ በኩል «ዓለም» የተባለውን «አለም» ብሎ ቢጽፍ፣ ፈታኙ ሞክሼ ፊደላትን አስቀድሞ ካላስተካከለ፣ ይህም እንደ አንድ ሙሉ ስሕተት ይቆጠራል። «አልነገረችኝም» ያለችውን ምስክር «ነገረችኝ» አሰኝቶ ቢጽፍም የሚቆጠረው አንድ ስሕተት ነው! የፍርድ ቤት ቃል በሶፍትዌር ይመዝገብ ከተባለ፣ የፊደሉም የምስክርነቱም ስሕተት በውጤት ሠንጠረዡ ላይ እኩል ይመዝናሉ።

በ2005 ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቻቸው ለአማርኛ ያዘጋጁት የድምፅ ስብስብ 100 ሰዎች ጽሑፍ እያነበቡ የተቀዱበትን 20 ሰዓት ያህል የማሠልጠኛ ድምፅ የያዘ፣ ለመስኩ ትልቅ መሠረት የጣለ ሥራ ነው። ሆኖም የሚያነብ ሰው እንደሚያወራ ሰው አይናገርም። በንባብ ድምፅ የተገኘ ውጤት ሲቀርብ፣ ድምፁ የንባብ መሆኑ፣ ተናጋሪዎቹ ከየት አካባቢ እንደመጡ፣ ሞክሼ ፊደላት ከመስተካከላቸው በፊትና በኋላ የተገኘው ቁጥር፣ ትርጉም የገለበጡት ስሕተቶችም ብዛት በዚያው ገጽ ላይ አብረው መታተም አለባቸው።