«ኔልሰን» የተባለው ስም አመጣጥ፤ የአባት ስም መጠሪያ ስም ስለሚሆንበት መንገድ

በሰሜን አውሮፓ የሚኖሩት የስካንዲናቪያ ሕዝቦች፥ ማለት ዴንማርኮች፥ ኖርዌጆች፥ ስዊድኖችና አይስላንዶች፥ ከጥንት ጀምሮ ሰውን የሚጠሩት በራሱ ስምና በአባቱ ስም ነበር። ልማዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ እኛ የአባትን ስም እንዳለ ስናስከትል እነርሱ በአባት ስም መጨረሻ ላይ «ልጅ» የሚለውን ቃል መቀጠላቸው ነው። የኒልስ ወንድ ልጅ በስዊድን ኒልሶን፥ በዴንማርክ ኒልሰን ይባላል፤ ሴት ልጁም በዚያው አንጻር ኒልስዶተር ወይም ኒልስዳተር ትባል ነበር። እንዲህ ያለው ስም የሰውን አባት የሚናገር ነው እንጂ ሕፃን በጥምቀቱ ቀን የሚቀበለው መጠሪያ አይደለም። ሆኖም ከነዚህ ስሞች አንዱ፥ በእንግሊዝኛ ኔልሰን የተባለው፥ ከአባት ስምነት ወጥቶ የመጠሪያ ስም ሆኗል። በእንግሊዝ፥ በአሜሪካ፥ በብራዚልና በደቡብ አፍሪካ ሰዎች በመጠሪያነት ሲቀበሉት፥ «የኒልስ ልጅ» የሚባሉ ሰዎች በብዛት ባሉበት በስካንዲናቪያ ግን መጠሪያ ሆኖ የሚገኘው በጥቂቱ ነው። ለዚህ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ነው። የተጠቀሱት ዘመናት ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የስሙን ሥር መለየት ይገባል፤ ሥሩ አንድ አይደለምና። የዴንማርኮችና የስዊድኖች ኒልስ በእኛ ቤተ ክርስቲያንም የታወቀው ኒቆላዎስ የተባለው የግሪክ ስም አጥሮ ነው። ከክርስትና ጋራ ወደ ሰሜን ገብቶ ፈጥኖ የአገሬው ስም ሆነ፤ ከ1104 እስከ 1134 በዴንማርክ የነገሠው ንጉሥ ኒልስ ይባል ነበር። የዚህ ንጉሥ አባት ስቬን ኤስትሪድሰን ይባላል፤ ኤስትሪድ ግን የስቬን እናት እንጂ አባቱ አይደለችም። የታላቁ ንጉሥ የክኑት እኅት ስለ ነበረችና የዙፋን መብቱም በእርሷ በኩል ስለ መጣ በእናቱ ስም ተጠራ። የአባት ስም ሥርዐት ጥቅም ሲጠይቅ አባትን ትቶ ወደ እናት የሚዞር መሆኑን ይህ በሚገባ ያስረዳል።

ሁለተኛው ሥር ከአየርላንድ የመጣው ኒያል የተባለ ስም ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት የኖርዌይ መርከበኞች በአየርላንድ ጠረፍ ሰፍረው ደብሊንን ካቋቋሙ በኋላ ከአገሬው ሰው ጋራ ተጋቡ፤ ከዚያም ኮርማክንና ክያርታንን የመሳሰሉ የአይሪሽ ስሞች ወደ አይስላንድ ተሻገሩ። ኒያልም በእነርሱ አፍ ንያል ሆነ። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተጻፈው የንያል ሳጋ ከአይስላንድ የጥንት ታሪኮች ኹሉ ታላቁ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በሕግ ዐዋቂነቱ የታወቀው ሽማግሌ ንያል ከሚስቱና ከወንዶች ልጆቹ ጋራ በቤቱ ውስጥ በእሳት እንደ ጠፋ ይተርካል። ይኸው ስም ከስካንዲናቪያ ሰፋሪዎች ጋራ ወደ ኖርማንዲ ሄዶ ኔል ተባለ። የላቲን ጸሐፊዎች ግን «ጥቁር» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ መስሏቸው ኒጌሉስ ብለው ጻፉት፤ የእንግሊዞች ናይጀል የተባለው ስም የተወለደው ከዚህ የጸሐፊዎች ግምት ነው። አንድ የአይሪሽ ስም በኖርዌጅ አፍ፥ በፈረንሳይ ምድር፥ በላቲን ብዕር አልፎ እንግሊዝ ሲደርስ ዘመዶቹ ሊያውቁት አልቻሉም።

እንግዲህ የእንግሊዙ ኔልሰን «የኒል ልጅ» ማለት ነው። ከሴት ስም፥ ማለት ኤሌኖር ሲያጥር ከሚሆነው ከኔል፥ የመጣ ሊሆን እንደሚችል የሚናገሩ ሊቃውንትም አሉ፤ ኹለቱ በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተለያዩ ቤተ ሰቦች በተለያየ መንገድ ወደ አንድ ስም ይደርሳሉና። በእንግሊዝ አገር የአባት ስም ደርቆ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የሚወርስ የቤተ ሰብ ስም የሆነው በመካከለኛው ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ኔልሰን የተባለ ሰው ኒል የሚባል አባት አለው ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

ስሙን ከቤተ ሰብ ስምነት ያወጣው አንድ ሰው ነው። ሆሬሾ ኔልሰን በ1758 በኖርፎክ ተወለደ፤ ይህ አውራጃ በ9ኛው መቶ ዓመት ዴንማርኮች የሰፈሩበት ነው። በኤፕሪል 2 ቀን 1801 በኮፐንሀገን ወደብ ፊት የዴንማርክን መርከቦች የደበደበው እርሱ ነው፤ «የኒል ልጅ» በዚያ ቀን ብዙ የኒልስ ልጆችን ገደለ ማለት ይቻላል። በ1805 በትራፋልጋር ድል አድርጎ በሞተ ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ ለልጆቹ የጀግናውን ስም ማውጣት ጀመረ፤ ያወጣውም ሆሬሾን ብቻ ሳይሆን ኔልሰንንም ነው። ይህ የተቻለው የእንግሊዝ ባላባቶች ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቤተ ሰብ ስምን፥ ይልቁንም የእናትን ወገን ስም፥ ለልጅ መጠሪያ ማድረግ ስለ ለመዱ ነው። መንገዱ አስቀድሞ ተጠርጎ ነበር። በአሜሪካም በ1841 የተወለደው የሕግ መወሰኛው አባል ኔልሰን ኦልድሪች በዚህ ስም ተጠርቷል፤ የሴት ልጁ ልጅ ኔልሰን ሮክፌለርም ስሙን ከእርሱ ወስዷል።

ወደ አሜሪካ በተሰደዱት ስካንዲናቪያውያን ዘንድ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የስዊድኑ ኒልሶንና የዴንማርኩ ኒልሰን እንግሊዝኛ ለሚናገረው ጎረቤትና መዝጋቢ እንዲቀል ኔልሰን ሆኑ። በዚህ መንገድ የኒቆላዎስ ልጅና የኒያል ልጅ፥ ዝምድና የሌላቸው ኹለት ስሞች፥ በሚኒሶታ እርሻ ላይ አንድ ሆኑ። በ1843 በኖርዌይ የተወለደው ክኑት ኔልሰን በመጀመሪያ በትውልድ ቦታው ስም ኤቫንገር ይባል ነበር፤ በ1849 ከእናቱ ጋራ አሜሪካ ከገባ በኋላ እናቱ ኒልስ የሚባል ሰው ስላገባች በእንጀራ አባቱ ስም ኔልሰን ተባለ። ኋላም የሚኒሶታ ገዥ፥ ከ1895 እስከ ሞተበት እስከ 1923 ድረስም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነ።

በስካንዲናቪያ ራሷ ግን የአባት ስም የደረቀው ዘግይቶ ነው። በዴንማርክ የ1828 ትእዛዝ ሕፃን ሲጠመቅ የቤተ ሰብ ስምም እንዲሰጠው አዘዘ፤ ስዊድን በ1901፥ ኖርዌይ በ1923 የቤተ ሰብን ስም በሕግ ደነገጉ። ከዚያ በፊት የኒልስ ልጅ ጴጥሮስ ኒልሰን ሲባል፥ የጴጥሮስ ልጅ ግን ፔተርሰን ይባል ነበር። ስሙ ከደረቀ በኋላ ሴቶች ልጆች ጭምር «የኒልስ ወንድ ልጅ» ተብለው ቀሩ፤ «ዳተር» የሚለው ቃል ከመዝገብ ወጣ። አይስላንድ ብቻ በ1925 ሕግ አዲስ የቤተ ሰብ ስም ማውጣትን ከልክላ የጥንቱን ሥርዐት ጠበቀች፤ ከ1980 እስከ 1996 ፕሬዚዳንት የነበሩት ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር ስማቸው እንደሚናገረው በእርግጥ የፊንቦጊ ሴት ልጅ ናቸው።

እኔ እንደማምነው ምክንያቱ እዚህ ላይ ነው። በ1805 በእንግሊዝ ኒል የሚለው መጠሪያ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ወገን በቀር ብዙም አይሰማም ነበር፤ ኔልሰን ቢባል ጆሮ የሚይዘው አድሚራሉን እንጂ አባትን አልነበረም። በዴንማርክና በስዊድን ግን ኒልስ በየመንደሩ አለ። አባቱ ጴጥሮስ የሆነውን ሕፃን «የኒልስ ልጅ» ብሎ ማጥመቅ እናቱን ማማት ይሆናል። የአባት ስም መጠሪያ ለመሆን አስቀድሞ አባቱ መረሳት አለበት።

ለእኛ አንባቢ ይህ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ ብቻ አይደለም። ወልደ ጊዮርጊስ፥ ወልደ ሚካኤል፥ ወለተ ማርያም የሚሉት ስሞቻችን በአገባባቸው «የእገሌ ልጅ» የሚሉ መጠሪያዎች ናቸው፤ ነገር ግን አባት ወይም እናት የተባለው ቅዱስ ስለ ሆነ ከሥጋ አባት ጋራ አይጋጩም፤ የሥጋ አባት ስም በኋላቸው በሰላም ይከተላል። ከዚህም በቀር የአባታችን ስም «ልጅ» የሚል ቅጥያ ስለሌለው ሰው የአያቱን ስም ለልጁ ቢያወጣ ምንም ምልክት አይተውም። በአውሮፓና በአሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን የመንግሥት መዝገብ የአባትን ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም እየወሰደ፥ ልጆቻቸው ብዙ ጊዜ በአያታቸው ስም ተጠርተው ይቀራሉ፤ የ1828 የዴንማርክ ትእዛዝ በእነርሱ ላይ ሳይታወጅ የተፈጸመ ይመስላል።

ስሙን በዓለም ያስጠሩት ግን የስካንዲናቪያም የእንግሊዝም ሰው አይደሉም። በ1918 በምቬዞ የተወለዱት ሮሊህላህላ በቁኑ ትምህርት ቤት የገቡ ዕለት ሚስ ምዲንጋኔ የተባሉት መምህርት ኔልሰን አሏቸው፤ የዚያ ዘመን የአፍሪካ ልጅ በትምህርት ቤት የእንግሊዝ ስም ይሰጠው ነበር። መምህርቷ ይህን ስም ለምን እንደ መረጡ ባለስሙ እንደማያውቁ፥ ምናልባት ከአድሚራሉ የመጣ ሊሆን እንደሚችል በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ማንዴላ የሚለውም የአያታቸው ስም ነው፤ ከቴምቡ ንጉሥ ልጆች አንዱ የነበረው እርሱ ነው። በ1962 ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜና በዚያው ዓመት በኮልፌ ወታደራዊ ትምህርት በተማሩ ጊዜ ደግሞ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ይጓዙ ነበር። የአባታቸው ስም ጋድላ ነው፤ ከነዚህ ከሚታወቁባቸው ስሞች ግን በአንዱም ውስጥ አይገኝም።