ድርጅቱ «ላሠልጥናችሁ» ሲል፦ ከመፈረማችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

«እኛ እናሠለጥናችኋለን፣ እናንተ ደግሞ ይህን ያህል ዓመት ታገለግሉናላችሁ።» ሥራ ስትገቡ ወይም ለኮርስ ስትመረጡ እንዲህ የሚል ወረቀት ሊቀርብላችሁ ይችላል። ብዙ ሰው ሥልጠናው እንዳያመልጠው ብሎ ሳያነብ ይፈርማል። ጣጣው የሚመጣው የተሻለ ሥራ ተገኝቶ ልልቀቅ ሲባል ነው።

ነገሩ ወደፊት የሚበዛ ነው። ሶፍትዌሩም ማሽኑም ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ኮሌጅ የተማርነው ብቻውን ብዙ አያስኬድም፣ ቀሪውን የምንማረው ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ የሥልጠና ውል ማንበብ ሲቪ የማዘጋጀት ያህል አስፈላጊ እየሆነ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይዘን ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች አሰባስበናል።

👉 መጀመሪያ፦ የትኛው ሕግ ነው የሚመለከታችሁ?

አዋጁ ሁሉንም ሰው አይሸፍንም። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው። የሥራ መሪዎችም በዚህ አዋጅ አይታዩም። ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ብቻ የሚደረግ ውልም ከአዋጁ ውጪ ነው። ይህ ምን ማለት ነው? ገና ሳትቀጠሩ «ሠልጥናችሁ ስትጨርሱ እንቀጥራችኋለን» የሚል ውል ከፈረማችሁ፣ ግንኙነታችሁ የሚታየው በፍትሐ ብሔር ሕጉ የውል ደንቦች ሊሆን ይችላል። ተቀጥሮ የሚሠለጥንና ሠልጥኖ የሚቀጠር ሰው አንድ አይደሉም።

እዚህ ላይ ሙያ ለማጅ የተለየ ነው። ድርጅት ውስጥ ገብቶ ሙያ የሚለምድ ሰው በአዋጁ ይሸፈናል። ውሉ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለውን ገንዘብና የሥራውን ሁኔታ መያዝ አለበት። ሲጨርስም የሠለጠነበትን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።

👉 ስንት ዓመት ሊያስፈርሙን ይችላሉ?

አዋጁ ለዚህ ጣሪያ አላስቀመጠም። ስለዚህ ወሳኙ ራሱ ውሉ ነው። ከመፈረም በፊት እነዚህን ፈልጉ፦

1. የአገልግሎት ጊዜው መቼ ይጀምራል? ሥልጠናው ሲጀመር ነው ወይስ ሲያልቅ? ሥልጠናው 6 ወር ከሆነ ልዩነቱ 6 ወር ነው።

2. ወጪው በቁጥር ተጽፏል? «ድርጅቱ ያወጣውን ወጪ በሙሉ» ብቻ ከሆነ፣ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠየቅ አታውቁም። ደመወዝና አበልም እንደ ወጪ ተቆጥረው እንደሆነ ጠይቁ።

3. ዕዳው እየቀነሰ ይሄዳል? ለምሳሌ ወጪው 60,000 ብር፣ ግዴታው 24 ወር ነው እንበል። 18 ወር ሠርታችሁ ብትለቁ፣ ወጪው ባገለገላችሁበት ጊዜ ልክ የሚቀነስ ከሆነ የሚቀረው 15,000 ብር ነው። ውሉ ስለ መቀነስ ምንም የማይል ከሆነ ግን 60,000ው ሙሉ ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

4. ድርጅቱ ራሱ ቢያሰናብታችሁስ? ግዴታው ያኔ ምን እንደሚሆን ይጻፍ።

5. ዋስ አለ? ያስፈረማችሁት አጎት ወይም ጓደኛ ከእናንተ ጋር ዕዳ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስንት ብር ድረስ እንደሆነ ማወቅ መብቱ ነው።

👉 ብንለቅስ?

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። የሥልጠና ውል መኖሩ ጨርሶ መልቀቅ አይቻልም ማለት አይደለም። የሚመጣው የገንዘብ ጥያቄ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ሠርቶ በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ ይታሰባል። ለ5 ዓመት የ70 ቀን ደመወዝ ገደማ ማለት ነው። አዋጁ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ ያላለቀ የአገልግሎት ግዴታ ሊኖር አይገባም። በአራተኛው ዓመት የ2 ዓመት ግዴታ ያለበት ኮርስ ከወሰዳችሁ፣ በአምስተኛው ዓመት ስትለቁ ይህ ክፍያ ሊቀርባችሁ ይችላል።

ከደመወዝ ስለሚቆረጥ ገንዘብም ይህን ያዙ። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የእናንተ የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ አይቆረጥም። ቢቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም።

👉 ሁሉም ሥልጠና ውለታ አይደለም

ስለ ሥራው አደጋና ስለሚደረገው ጥንቃቄ ሠራተኛን ማሳወቅና ማስተማር በሕግ የአሠሪው ግዴታ ነው። ማሽን ላይ ከመቆማችሁ በፊት የሚሰጥ የደኅንነት ትምህርት «አሠልጥነንሃል» ተብሎ የአገልግሎት ውል ሲቀርብበት፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሥራ ልምድ ማስረጃም እንደዚሁ። ውሉ ሲቋረጥም ሆነ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ ሊሰጠው ይገባል። የወሰዳችሁትን ኮርስ ሰርተፍኬት ግን እዚያው በጊዜው ተቀበሉ።

👉 ታዲያ ሥልጠና እንሽሽ?

በፍጹም። የገባችሁ ሙያ ከእናንተ ጋር ይሄዳል፣ ማንም አይነጥቃችሁም። ግን ሁለቱን ለዩ። ሐምሌ 2016 እንደተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም፣ ፕሮግራሚንግና ዳታ ሳይንስን በነፃ በኦንላይን የሚያስተምሩ አሉ፤ እነዚህ ለማንም አሠሪ አያስሩም። መሠረታዊውን በስልካችሁ መማር ከቻላችሁ፣ የአገልግሎት ውሉን በራሳችሁ ልትከፍሉት ለማትችሉት ውድ ሥልጠና አቆዩት።

ስትፈርሙ ቅጂ ውሰዱ፣ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሱ። ዋናውን የትምህርት ማስረጃ አስይዙ ከተባላችሁ፣ አሳይታችሁ ኮፒውን ብቻ ለመስጠት ጠይቁ፤ የግድ ከሆነ የተቀበሉበትን ደረሰኝ ያዙ። ክርክር ከመጣ የሥራ ክርክር የሚያዩ የፍርድ ቤት ችሎቶች አሉ። በአንዳንድ የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ውላችሁን ያዩላችኋል፤ ይህ ጽሑፍ የባለሙያ ምክርን አይተካም።

ሰሞኑን ሊፈርም ያለ ጓደኛ ካላችሁ፣ ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ሼር አድርጉለት።