ወንፈልና ደቦ በተጉለትና ቡልጋ

በተጉለትና ቡልጋ ገበሬ ዘንድ አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ብቻውን ሊጠምድ ስለማይችል፣ እንደ እርሱው ባለአንድ በሬ የሆነውን ጎረቤቱን ፈልጎ ይቀናጃል፤ አንዱን ቀን ለራሱ፣ ማግስቱን ለባልንጀራው እያረሰም የእርሻውን ወራት ይፈጽማል። ወንፈልም እንዲሁ በልክ የሚሄድ ሥርዓት ነው፤ በባልንጀራው ማሳ አንድ ቀን ሲያርም የዋለ ሰው፣ በተራው አንድ ቀን ይመለስለታል፤ ቢታመምም ልጁን ወይም ወንድሙን በምትኩ ይልካል።

ይህን ጥንቃቄ ያጸናው የክፉ ቀን መታሰቢያ ይመስለኛል። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት በፈጀ ጊዜ፣ የሚጠመድ በሬ ጠፍቶ መሬቱ ጦም ባደረ ጊዜ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቈፈሩ ለሕዝቡ አርአያ መሆናቸውን ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በታሪካቸው ጽፈዋል። ያን ዘመን ያዩ አረጋውያን ስለ በሬ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፤ እኛም ልጆቹ ከእነርሱ ስንሰማ አደግን።

ደቦ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ባለ ደቦው እንደ ዓቅሙ ጠላ ጠምቆ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ እንጀራ ጋግሮ ይጠራል፤ የተጠራውም ብድሩን ሳያስብ ማጭዱን ስሎ ይመጣል፤ ይልቁንም ለመበለት፣ ለድውይና ጧሪ ለሌለው አረጋዊ የሚወጣው ደቦ እንደ ጽድቅ ሥራ ይታይ ነበር። አጫጆቹ ገና ጤዛው ሳይረግፍ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ ድምፀ መልካሙ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፣ በዜማውም መካከል እጃቸው ከእጃቸው ሳይለያይ እስከ ማሳው ዳር ይደርሳሉ። ሴቶቹ ገንቦ አዝለው ሲመጡ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ይመርቃል፣ ሁሉም አሜን ይላል። አባቴ በወንፈል የጐደለበትን ግማሽ ቀን ሳይቀር የሚያስታውስ ሰው ነበር፤ ለመበለቲቱ ማሳ የዋለባቸውን ቀኖች ሲቈጥር ግን አንድም ጊዜ አልሰማሁትም።

ማጭድ ላልደረስን ልጆች ነዶ ማቀበል፣ ውሃ ማመላለስ፣ ከማማ ላይ ሆኖ በወንጭፍ ወፍ መከላከል፣ ኋላም በአውድማው ላይ በሬዎቹን ማዞር ይሰጠን ነበር። ስንዴውና ገብሱ ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ፣ በመጽሐፈ ሩት እንደ ተነገረው፣ በማሳው የቀረው ዛላ ለቃራሚ ይተዋል፤ የእኛ ድርሻም ከድሆቹ ጋር እኩል ነበረና፣ ባለማሳው ከእነርሱ አንዱን ገፍቶ ለእኛ አያደላም ነበር።