የሰነድ ስምና ቅጥያው

በፋይል ስም መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚጻፉት ሦስት ፊደላት በግል ኮምፒዩተሮች ዘንድ የተለመዱት ጋሪ ኪልዳል እ.ኤ.አ. በ1974 በሠሩት ሲፒኤም በተባለው ሥርዓት አማካይነት ነው። ለስሙ ስምንት፣ ለቅጥያው ሦስት ፊደላት ብቻ ይፈቀዱ ነበር። ኤምኤስ-ዶስም በ1981 ይህንኑ ወረሰ፤ ገደቡ በዊንዶውስ 95 ቢላላም ልማዱ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ችግሩ የጎላው ሰነዶች በድረ ገጽ መውጣት ሲጀምሩ ነው። ቅጥያው ሰነዱ በምን መሣሪያ እንደተሠራ እንጂ ስለምን እንደሚናገር አይገልጽም። በመሆኑም ተቋሙ የይዘት ማስተዳደሪያውን በለወጠ ጊዜ ቅጥያው፣ ከእርሱም ጋር አድራሻው ይለወጣል፤ የሕክምና መመሪያ ፍለጋ በቀድሞው አድራሻ የሚሄድ ሐኪም ባዶ ገጽ ይጠብቀዋል። የመድኃኒት መጠን ለማመሳከር ለቸኮለ ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። የድረ ገጽ ፈልሳፊው ቲም በርነርስ ሊ በ1998 ቅጥያን ከአድራሻ ማስወገድ እንደሚገባ መክረው ነበር፤ ምክሩን ሁሉም አልሰማም።

በ1996 ሥራ የጀመረው ፐብሜድ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚሰጠው መለያ ተራ ቁጥር ብቻ ነው። ጥንካሬውም ትርጉም የለሽ መሆኑ ነው። (የካርድ ክፍል ሠራተኞቻችን ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል፤ ታካሚው ሰፈር ቢለውጥ የካርድ ቁጥሩ ያው ነው።) በ2000 የተመሠረተው የአሳታሚዎች ማኅበር ክሮስሬፍ ደግሞ ለጽሑፎች ዲኦአይ የተባለውን ቋሚ መለያ ይመዘግባል፤ አሳታሚው ሲዛወር አዲሱን አድራሻ ያስመዘግባል፣ አንባቢውም በቀድሞው መለያ ይደርሳል። ሳያስመዘግብ ከቀረ ግን ያው ባዶ ገጽ ነው።